የነጻ ጉዞ ዕድሜ

«ይኼ ኑማሩ የሚሉት የናንተ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉ አባቷ፣ ማንኪያቸውን የባቄላ ቡቃያ ሾርባው ውስጥ እንደነከሩ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ሄራን የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ፀጉሯን ታደርቅ ነበር። የማድረቂያው ጩኸት የዜና አንባቢዋን ድምፅ ግማሹን ቢውጠውም የቀረው ግማሽ ይበቃ ነበር። ኑማሩ የተባለ ገለልተኛ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ ጥናት ይፋ ያደርጋል፤ ጥናቱም አረጋውያን በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ የሚሳፈሩበት ዕድሜ ከስልሳ አምስት ወደ ሰባ አምስት ከፍ እንዲል ይመክራል። አባቷ ባለፈው ጸደይ ሰባ ሁለት ሞልቷቸዋል። ማድረቂያውን አጠፋችው። የዜና አንባቢዋ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አይደለም አባባ» አለች። «ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው።»

«እኔም እንዲያው ነው ያልኩት» አሉና ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። «የናንተ ቢሆንማ ትነግሪኝ ነበር።»

ቤታቸው ማንጉ ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው የጡብ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ትንሿ የሄራን ነች፤ በትልቋ አባቷ ያድራሉ፤ ቴሌቪዥኑም፣ ዝቅተኛው የምግብ ጠረጴዛም፣ ሟች እናቷ ሲዳሩ ይዘውት የመጡት ቁምሣጥንም እዚያው ናቸው። አባቷ በልተው ሲያበቁ እንደ ሁልጊዜው ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ተረከዛቸውን በፕላስተር መለጠፍ ጀመሩ። አባቷ ማ ቻንሶክ ጉልበታቸውን በማተሚያ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ፣ ሚስታቸውም ካረፉ ወዲህ ዕቃ ያደርሳሉ። ሴኡል ውስጥ እንደሳቸው ያሉ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ ባቡሩ ለእነሱ ነጻ ስለሆነ የአበባ ቤቱን ማሰሮ፣ የጥርስ ሐኪሙን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የጠበቃውን ፖስታ ታቅፈው ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለሱ ይውላሉ። ለአንድ ዕቃ ስምንት ሺህ ዎን ያህል ይከፈላል፤ ከዚያ ላይ የደንበኛ ጥሪ ተቀብሎ ሽማግሌዎቹን የሚልከው ቤት የራሱን ድርሻ ይቆርሳል። የባቡር ሒሳብ ቢጨመርበት ከቀኑ ድካም የሚተርፈው የምሳ ኑድል ብቻ ይሆናል። ይህን ሄራን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጥናቱን ያጠናችው እሷ ናት።

ጫማዋን አጥልቃ ስትወጣ አባቷ ከኋላዋ «ጃንጥላ ያዢ» አሉ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እሷም ያዘች።

ኑማሩ ማለት በድሮ የኮሪያ ቤት ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የሚሠራ የእንጨት ወለል ነው፤ እንግዳም ባለቤትም እኩል የሚቀመጡበት፣ ነፋስ በአራት ማዕዘን የሚገባበት። ተቋሙን የመሠረቱት ሰዎች ስሙን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ሲመሠረት ፓርቲያቸው ሥልጣን የተነጠቀበት ዘመን ነበርና፣ ወንበር ያጡ ምክትል ሚኒስትሮችና አማካሪዎች ከአንድ ኑድል ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ ከታች የሚመጣው የዓሣ ሾርባ እንፋሎት ወረቀታቸውን እያረጠበው፣ «ጥናት» የሚሉትን ጀመሩ። በኋላ ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደውን የግል ባቡር የሠራው ኩባንያ በዮይዶ፣ ከምክር ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት ፎቅ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ያለ ኪራይ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የተቋሙ ነገር እንደሚመጣና እንደሚመለስ የባሕር ሞገድ ሆነ፤ ፓርቲው ሲያሸንፍ ቤቱ ይራቆታል፣ አንዱ አምባሳደር፣ አንዱ የሚኒስትር አማካሪ ይሆናል፤ ሲሸነፍ ደግሞ የፎቶ ፍሬማቸውንና የሸክላ ኩባያቸውን በካርቶን ታቅፈው ይመለሱና ቤቱ ይሞላል። የማይሄዱትም የማይመለሱትም እንደ ሄራን ያሉት ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውል ተቀጥረው፣ ቁጥር እየለቀሙ፣ ማን ሲመጣ ማንን «ዳይሬክተር» እንደሚሉ እየተለማመዱ የሚኖሩ። የእሷ ውል በመጪው ወር ያልቃል።

በጥናቷ ሽማግሌዎቹን ተከትላ ጣቢያ ለጣቢያ ዞራለች፤ አባቷን ግን አልጠየቀችም። ያገኘችው ውጤት ግልጽ ነበር። ባቡሩ ሽማግሌ ጫነም አልጫነም ይሄዳል፤ ዕድሜው ከፍ ቢል የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ሰዎቹ ቤት ሲውሉ ግን ይታመማሉ፣ ሲታመሙም የሚያሳክመው መንግሥት ነው። ይህ አራተኛው ምዕራፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ረቂቁ ከዳይሬክተሩ ዘንድ ሲመለስ አራተኛው ምዕራፍ የለም፤ አምስተኛው «አራተኛ» ሆኖ መጥቷል። ዳይሬክተር ኩክ በተማሪነታቸው ለዴሞክራሲ ታግለው የታሰሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ጎንበስ ብለው ነው የሚሰናበቱት።

«ሄራን፣ አንዲት ቁጥር አልነካሁብሽም» አሏት ያን ዕለት፣ በር ድረስ እየሸኟት። «ማጠቃለያውን ብቻ ነው ያስተካከልኩት። ሰው የሚያነበው ደግሞ እሱን ነው።» ሳቁ። እሷም ሳቀች። ስለ ሳቋ ደረጃው ላይ ስታስብ ፊቷ ጋለ።

ዮይዶ ስትደርስ መንገዱ ላይ የወደቀው የጊንኮ ዛፍ ፍሬ ተረጋግጦ ይሸታል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ከሊፍቱ እስከ አዳራሹ በር ድረስ በሁለቱም ወገን የኦርኪድ ማሰሮ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ላይ የላኪውን ስም የያዘ ረጅም ሪባን ይንጠለጠላል። በሪባኖቹ መካከል መሄድ የተቋሙን የቤተሰብ አልበም እንደ መግለጥ ነበር፤ የፓርቲው የምክር ቤት መሪ፣ የትራንስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከዚህ ቤት ወጥተው ምክትል ሚኒስትር የሆኑት ሰው፣ ከዚያ የባቡሩ ኩባንያ፣ የባቡሩ ኩባንያ እህት ኩባንያ፣ የእህት ኩባንያው ኢንሹራንስ። ዳይሬክተር ኩክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ እያነበቡ መጡና የአስተዳደሯን ወይዘሮ ታክን ጠሯት።

«አበባው በጣም ያምራል። አበባው ይቀመጥ» አሉ። «ሪባኑ ግን ጋዜጠኛ ሳይመጣ ይቆረጥ። የጥናት ቤት ነው እንጂ የሠርግ ቤት አይደለም።»

ታክ በዚህ ቤት አራት ዳይሬክተር ተቀብላ የሸኘች ሴት ናት፤ ሁለት መቀስ አመጣችና አንዱን ለሄራን ሰጠቻት። «የፓርቲውንም ነው ወይስ የኩባንያውን ብቻ?» ብትል ሄራን፣ «ቁረጪ እንጂ እቴ፣ ምን መምረጥ ያስፈልጋል። ፀጉር እንደ መላጨት ነው፣ ግማሹን ከተዉት የባሰ ያስጠላል» አለቻት። ሁለቱ በሁለት ወገን ሆነው እየቆረጡ ወረዱ። የቆረጡት ሪባን በሄራን ክንድ ላይ እንደ ፎጣ ተከመረ። አዳራሹ በር ላይ በትልቁ «ኑማሩ የፖሊሲ ጥናት ተቋም» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ገለልተኛ» የሚለው ቃል ለብቻው በወርቅማ ቀለም ተጽፏል።

ሊፍቱ ተከፈተና ትልቅ የኦርኪድ ማሰሮ ታቅፎ ፊቱ የማይታይ ሰው ወጣ። ታክ ቀድማ፣ «እዚህ ጋ ያድርጉት አባባ፣ ቀስ ብለው» አለችው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አስቀመጠ። ቀና ሲል የሄራን አባት ነበሩ።

አላዩዋትም። ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ታክ መቀሷን ከፍታ ወደ ሪባኑ ስትሄድ ግን ደንግጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኧረ ቆይ፣ ቆይ እሜቴ! ፎቶ ሳላነሣ? ሪባኑ ካልታየ እኮ አድርሰሃል አይሉኝም።»

«እሺ ቶሎ ያንሡ በቃ። እንግዳ እየመጣብኝ ነው።»

አባቷ ስልኩን ዘቅዝቀው፣ አቃንተው፣ ወደ ኋላ አንድ ሁለት እርምጃ አሉ። ማሰሮው ሙሉ በሙሉ አልገባ ሲላቸው ዓይናቸውን ከስልኩ ላይ አነሡ። መጀመሪያ ያዩት በሩ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ነው። ከንፈራቸው ሳይሰማ ፊደሉን ሲያነብ ሄራን አየች። ከዚያ እሷን አዩ፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ፣ በእጇ ያለውን መቀስ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ክምር ሪባን። ሄራን አፏን ከፈተች። «አባባ» የሚለው ቃል እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ታክ እንኳ ያለችው ቃል ነው፤ ለማንም ሽማግሌ የሚባል ቃል ነው። አልወጣም።

አባቷ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ይቅርታ እመቤቴ» አሉ። «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጥላዎ ወድቆበታል።»

ፈቀቅ አለች። አባቷ ፎቶውን አነሡ፤ ታክ ሪባኑን ቆረጠች። የባቡሩ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የላኩት ነበር።

ያኔውኑ ሁለቱም ሊፍት ተከፍቶ ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን እየጎተቱ ፈሰሱ፤ ዳይሬክተር ኩክም እጃቸውን ዘርግተው ከአዳራሹ ወጡ። አባቷ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሊያልፉ ሲሉ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ደረታቸው ላይ ያለውን የዕቃ አድራሽ ሰደርያ አየች። ብልህ ልጅ ነበረች። ማይኩን አቀረበችላቸው።

«አባባ፣ አሁን ወደዚህ የመጡት በነጻ ባቡር ነው አይደል? ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ዕድሜው ሰባ አምስት ይሁን እየተባለ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ካሜራዎቹ ዞሩ። የዳይሬክተር ኩክ ፈገግታ ቦታው ላይ ቆየ፣ ዓይናቸው ግን ታክን ፈለገ፤ ሽማግሌውን ማን አስገባው እንደ ማለት። ታክ በተራዋ ሄራንን አየቻት። አባቷ ማንንም አላዩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሄራን የሚሉትን አውቃዋለሁ ብላ ነበር፤ በጣቢያዎቹ ሁሉ ስትሰማው የኖረችው ነገር ነውና፤ «እኛን ለመቅበር ቸኮላችሁ» የሚለው ነገር። ይበሉት ብላ ተመኘች። እንዳይሉትም ተመኘች።

«እኔማ…» አሉ አባቷ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እግሬ ደኅና ነው፣ አምላክ ይመስገን። በነጻ ስሄድ ኖሬአለሁ። ግን የሚከፍለው ያው ልጆቻችን ናቸው አይደል? ልጆች ከሚቸገሩ እኛ ብንከፍል ምናለበት። ያጠኑትም የተማሩ ሰዎች ናቸው።» ባርኔጣቸውን አገላበጡ። «ይህን ያጠና ሰው አባቱን ሳያስብ ያጠናው አይመስለኝም።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተር ኩክ መጥተው የአባቷን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጎንበስ አሉ፣ «አባባ፣ ትልቅ ትምህርት ነው የሰጡን» አሉ፤ ካሜራው ያን አነሣ። ከዚያ ሁሉም ወደ አዳራሹ ገባ። ሄራን ሪባኑን እንደታቀፈች ወደ ሊፍቱ ስትዞር በሩ ተዘግቷል፤ ቁጥሩ ወደ ታች ይቆጥራል።

ምሳው ከምክር ቤቱ ማዶ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ በሚበላበት የዓሣ ቤት ነበር። የትራንስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይጠሩ መጡ፤ የተጠሩ ያህል ግን ቦታቸው ከመሃል ተይዞ ነበር። ከዳይሬክተሩ ጋር በአንድ እስር ቤት አንድ ብርድ ልብስ የተጋሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አንዱ ሕግ ያወጣል፣ ሌላው ሕጉ ለምን እንደሚያስፈልግ ያጠናል። ሰብሳቢው ብርጭቆ አንሥተው፣ «ለተቋማችን» አሉ፤ ወዲያው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ለገለልተኛው ተቋማችን» ብለው አረሙ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጠ። ስለ ኑድል ቤቱ ዘመን ተወራ፤ ያኔ እንዴት ንጹሕ እንደነበሩ፣ እንዴት አንድ ሳህን ለሦስት ይበሉ እንደነበር። ሄራን የዓሣውን አጥንት በመመገቢያ ዘንጎቿ እየለየች በሳህኗ ጠርዝ ትደረድር ነበር። ዳይሬክተር ኩክ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሄራን፣ ስለ ውልሽ እንቅልፍ እንዳታጪ። በጸደይ ምርጫ ስሜ በፓርቲው የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ እኔ የሄድኩበት አንቺም ትሄጃለሽ። የምክር ቤት አባል ረዳት መሆን ከዚህ ይሻላል፣ አይሻልም?»

«አመሰግናለሁ ዳይሬክተር።»

«አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ያንን አባባ አግኚልኝ፤ ከሰማይ የወረደልን ሰው ነው። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት የሕዝብ ውይይት አለ፤ እኛ ሺህ ገጽ ብንጽፍ እሱ አንድ ደቂቃ ያወራውን አያህልም። የአበባ ቤቱን ብትጠይቂ ስልኩን ይሰጡሻል። የሚገባውን እናደርግለታለን።»

ሰብሳቢው ከመሃል ሆነው፣ «ሽማግሌ ሲፈቅድ ማን ይከለክላል!» አሉ፤ እንደገና ተሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ፊት በየስልኩ ላይ ነበር። ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ ዳይሬክተሩ እጃቸውን እንደጨበጡ፣ ከሥሩ «የሰባ ሁለት ዓመቱ ዕቃ አድራሽ፦ ለልጆቻችን ስንል እንክፈል» የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ወጣቶች «እውነተኛ አባት እንዲህ ነው» ብለው ጽፈዋል፤ ሌሎች «ስንት ከፈሉት» ብለዋል። ሄራን ስልኩን ደፍታ ቁጭ አለች። ታክ ቡና በወረቀት ኩባያ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና ትንሽ ቆመች። «አውቀሽዋል መሰለኝ ሰውየውን» አለች በቀስታ። ሄራን ኩባያውን ወደ ራሷ ሳበች። «እንዲያው ነው ያልኩት» አለች ታክና ሄደች።

ከሥራ ቀድማ ወጣች፤ ቤት ግን አልሄደችም። ጥሪ ተቀባዩ ቤት ጆንግኖ ውስጥ፣ ከአንድ የቀለበት ሱቅ በታች ያለ ምድር ቤት ነው። አባቷ አንድ ቀን ምሳ ዕቃቸውን ረስተው ልታደርስላቸው መጥታ ነበርና ታውቀዋለች። ደረጃውን ግማሽ ድረስ ስትወርድ የእርጥብ ካልሲና የቡና ዱቄት ሽታ ተቀበላት። ከዚያ ድምፅ ሰማች። የዩክ ድምፅ ነው። ዩክ እናቷ በሞቱ ጊዜ አባቷን ከሐዘን ቤት ጎትተው ያወጡ፣ ወደዚህ ሥራም ያስገቧቸው ሰው ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሳጥን እንጆሪ ይልኩላት ነበር።

«ንገረን እንጂ!» ይላሉ ዩክ። «ምን አቀመሱህ? ወይስ ካሜራ ስታይ ራስህ ዞረ? "የተማሩ ሰዎች ናቸው"! አንተን ማን ጠየቀህና ነው ለሁላችን የምትመልሰው?»

«ተወው በቃ» አለ ሌላ ሰው። «ሳያስበው ነው ያመለጠው።»

«ማ ቻንሶክ ሳያስብ ተናግሮ ያውቃል? ለአንድ ቃል አምስት ደቂቃ የሚያምጥ ሰው! እኔ እኮ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አራት ዓመት ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቆጥር ነው? ያቺን በሽተኛ ሚስቴን ምን ላብላት? ንገረኝ፣ አንተ መልስ ታውቃለህ አይደል፣ ለቴሌቪዥን መልሰህ የለም!»

ሄራን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ልጅህስ?» አሉ ዩክ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እንዲህ ያለ ጥናት ቤት አይደል የምትሠራው? እስቲ ጠይቅልን። የተማረች ናት፣ ታውቅ ይሆናል፣ ይኼን ነገር የጻፈው የማን ልጅ እንደሆነ።»

«የሷ ሌላ ነው» አሉ አባቷ። «ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው።»

ሦስት ደረጃ ብትወርድ በሩ ነበር። ገብታ «እኔ ነኝ» ብትል ዩክ ይጮኹባት ነበር፣ ምናልባትም ይተፉባት ነበር፤ አባቷ ግን ነጻ ይወጡ ነበር። ይህን ሁሉ በግልጽ አየችው። እግሯ ግን ወደ ላይ ወጣ። የቀለበት ሱቁ መስኮት ፊት ቆማ ዋጋ እንደምታወዳድር ሴት ወርቅ ስታይ ቆየች፤ ሻጩ ወጥቶ «ለሠርግ ነው?» እስኪላት ድረስ።

አባቷ ሲወጡ ሰደርያው ላያቸው ላይ አልነበረም። ሲያዩዋት አልደነገጡም። «መጣሽ?» አሉ ብቻ። «ባለቤቱ ከነገ ጀምሮ አትምጣ አለኝ። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሰዎቹ ካንተ ጋር አንቀመጥም ስላሉ ነው።» ጎን ለጎን ወደ ጣቢያው ወረዱ። መግቢያው ላይ አባቷ የነጻ ካርዳቸውን አስነኩ፤ ማሽኑ ለሽማግሌዎች የሚያሰማውን የተለየ ድምፅ ሁለት ጊዜ ጮኸ። በባቡሩ ውስጥ የአረጋውያን ወንበር ተለቆላቸው ተቀመጡ። ሄራን ከፊታቸው ቆማ እጀታውን ይዛ፣ የሳሳውን አናታቸውን ከላይ እያየች፣ አንድ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ ያውቃቸው ይሆን እያለች ትሳቀቅ ነበር። ከማዶ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አውቀዋቸዋል። ትኩር ብለው አይተዋቸው፣ ተነሥተው ሌላ ፉርጎ ሄዱ። አባቷ ባርኔጣቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

ቤት ሲደርሱ ሩዙን ሄራን አጠበች፤ ከጠዋቱ የተረፈውን ሾርባ አሞቀች፣ አንድ ዓሣም ጠበሰች። በሉ። ቴሌቪዥኑን ማንም አልከፈተውም። አባቷ ዓሣውን ገንጥለው ወፍራሙን እንደ ልጅነቷ በሩዟ ላይ አኖሩላት። ይጠይቁኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ለምን ዋሸሽኝ፣ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ጻፍሽ፣ እናትሽ ብትኖር። አራተኛውን ምዕራፍ ልትነግራቸው ደጋግማ አሰበች፤ እኔ የጻፍኩት እንዲህ አልነበረም ልትል። ግን ያልታተመ ምዕራፍ ለማን ምን ይረባዋል? ሳህኑን ስታነሣ ሳትዞር ተናገረች።

«አባባ፣ ዳይሬክተሩ ፈልጊልኝ ብለውኛል። እርስዎን። ሐሙስ ምክር ቤት ውስጥ ውይይት አለ፤ የዛሬውን እዚያም እንዲደግሙት ነው።»

«አባቴ ነው ብለሻቸዋል?»

«አላልኩም።»

«ደግ አደረግሽ።»

ውሃውን ከፈተች፣ ዘጋችው። «ካልፈለጉ አላገኘሁትም እላለሁ። ስልኩ ተዘግቷል እላለሁ። ማን ያውቃል?»

«ውልሽስ?»

ሄራን የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበች። አባቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ፕላስተሩን ከተረከዛቸው ላይ ቀስ እያሉ ይልጡ ነበር፤ ነገ የሚለጥፉት የላቸውም።

«ዞሮ ዞሮ ብዬዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ዩክም ሰምቷል፣ አገሩም ሰምቷል። አሁን ቃሌን ባጥፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ውሸታም ልባል ነው። ቢያንስ አንቺ እንኳ ሥራሽን ያዢ።» ፕላስተሩን ጠቅልለው አመድ መጣያው ላይ አኖሩት። «ግን ምክር ቤት ፊት አፌ ላይ የመጣውን መዘባረቅ አይሆንም። የምለውን ጻፊልኝ። ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፤ ዓይኔ ደክሟል።»

አያድርጉት ማለት ይቻል ነበር። ሄራን እጇን በፎጣ አድርቃ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች፣ ፊደሉን አተለቀች። «የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ እኔ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ነኝ» ብላ ጀመረች። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ሥራዋ ነውና ቃሉ አልቸገራትም፤ የልጆቻችንን ሸክም ማቅለልን፣ የአገርን ነገ፣ ሁሉንም በየቦታው አስቀመጠች። አባቷ በእጅና በጉልበታቸው ድኸው መጥተው ከትከሻዋ በላይ፣ ጣታቸውን በእያንዳንዱ መስመር ሥር እየሳቡ፣ በማተሚያ ቤት ዘመናቸው የፊደል ስሕተት እንደሚፈልጉ ያህል ጮክ ብለው አነበቡ። «እኛ አረጋውያን ለመክፈል ዝግጁ ነን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ይጎድለዋል» አሉ። «"በደስታ" የሚል ጨምሪበት።»

ጨመረችበት።